እማማ ውቢት የሸሸጓት ነጥብ

እማማ ውቢት ሥጋት አጥተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ዝናብ ሲዘገይ ድርቁን፣ ሲመጣ በረዶውን ይፈራሉ። ባጃጅ ቆሞ ካዩ «ተበላሸበት መሰለኝ» ይላሉ፤ ሲሮጥ ካዩ «ሊገለበጥ ነው» ይላሉ። ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ በሚያወጣው መንገድ ዳር ካለችው ቤታቸው አጥር ላይ ቁራ ሲያርፍ እንኳ፣ «አንተ ደግሞ ምን ወሬ ይዘህ መጣህ?» ብለው ያፋጥጡታል። ጎረቤቱ ጠባያቸውን ስለሚያውቅ፣ «እማማ ውቢት ያልፈሩት ነገር ከተገኘ፣ የሚያስፈራው እሱ ነው» እያለ ይስቃል።

እሳቸው ግን በፍርሃታቸው አያፍሩም። «ልጅ ያሳደግሁት ፈርቼ ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የልጅ ልጃቸው እሌኒ እናቷ ስትሞት ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ስታስል እንቅልፍ አጥተው፣ ወንዝ ስትሻገር ከኋላ ከኋላዋ ተከትለው፣ ጎንደር ለትምህርት ስትሄድ በየማታው ደውለው «በሩን ቆልፈሻል?» እያሉ፣ ይኸው ለወግ ለማዕረግ አደረሷት። ፊዚክስ ተምራ ተመለሰችና እዚያው ደባርቅ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ሆነች። እማማ ውቢት ራሳቸውም እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለተማሩ በሙያዋ ይኮራሉ። ፊዚክስ ምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን ጠይቀዋት አያውቁም። ኤሌክትሪክ እንዳለበት ሰምተዋልና ባይነኩት ይመርጣሉ።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን እሌኒ በትምህርት ቤቷ የሰማይ ክበብ አቋቋመች። አምስት ተማሪዎች፣ ሦስት ኮምፒዩተሮችና አንድ የሚንቀራፈፍ ኢንተርኔት ይዛ ሥራ ጀመረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሥራውን በላፕቶፗ ይዛ ቤት ትመጣለች።

«ምንድን ነው ይኼ ዓይንሽን የሚያቀላው?» አሏት አንድ ቅዳሜ።

«ሰማይ ነው፣ እምዬ።»

«ሰማይ ውጭ አይደለም እንዴ?»

እሌኒ ሳቀችና አጠገቧ አስቀመጠቻቸው። ባሕር ማዶ፣ ተራራ አናት ላይ የተተከለ አንድ ቴሌስኮፕ እንዳለ ነገረቻቸው። ሌላው ቴሌስኮፕ አንዷን ኮከብ ነጥሎ አተኩሮ የሚያይ ነው፤ የዚህኛው ዓይን ግን ሰፊ ነው። ሰማዩን በትልልቅ ቁራጭ እየከፈለ፣ አንዱን ካነሳ በኋላ ወደሚቀጥለው እየዞረ፣ ከዳር እስከ ዳር ፎቶ ያነሳል። ሲጨርስ ይመለስና እንደገና ይጀምራል። እንዲህ እያለ የሰማዩን ካርታ ይሠራል።

«ቀያሽ ነዋ!» አሉ እማማ ውቢት።

«አዎ፤ የሰማይ ቀያሽ በይው።»

«ታዲያ በድንበር አያጣላም?»

«እዚያ ማን ከማን ይጣላል?»

«እሱን እንኳ እንጃ። ቀያሽ የገባበት አገር ሰላም ሆኖ አላየሁም» አሉና ነገሩን መፍራት ጀመሩ።

እሌኒ ቀጠለች። ያንኑ አንድ ቁራጭ በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ጊዜ ያነሳዋል። አራቱን ፎቶ እያገላበጡ ሲያዩት ከዋክብቱ ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም። ከመካከላቸው አንዲት ነጥብ ቀጥ ብላ ከተራመደች ግን፣ ያቺ ኮከብ አይደለችም። ፀሐይን እየዞረች የምትኖር ድንጋይ ናት። ኮምፒዩተር ብዙዎቹን ለይቶ ያወጣል፤ ከእሱ የሚያመልጡትን ደግሞ በየአገሩ ያሉ ተማሪዎች በዓይናቸው ይለቅማሉ።

«ድንጋይ?» አሉ እማማ ውቢት።

«ድንጋይ።»

«ምን ያህላል?»

«አንዳንዱ ቤት ያህላል። አንዳንዱ ተራራ።»

«እና ተራራ የሚያህል ድንጋይ ሰማይ ላይ ምን ይዞት ቆመ?»

«አልቆመም እኮ፣ ይዞራል።»

«ካልቆመማ ይወድቃል!»

እሌኒ ልታጽናናቸው ብላ የባሰውን ተናገረች። «አትስጊ። ወደ ምድር የሚመጣ ካለ ቀድሞ እንዲታወቅ ብለን እኮ ነው የምንፈልገው።»

ከዚያች ቀን ወዲያ እማማ ውቢት ደጃፋቸው ላይ ሲቆሙ ሳያስቡት ቀና ማለት ለመደባቸው።

የፍርሃታቸው ሥር ሩቅ ነው። በልጅነታቸው፣ ዳባት አጠገብ ባለችው የትውልድ መንደራቸው፣ ገሠሠ የሚባል ገበሬ ነበር። ገብሱ ደርሶ፣ ሊያጭደው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማሳው ዳር ቆሞ ወደ ላይ ጠቆመና «ይኼ ደመና በረዶ አርግዟል» አለ። ጣቱን ሳያወርድ በረዶው ዘነበ። ገብሱ ምንጣፍ ሆነ። የመንደሩ ሰው ሁሉ «ባይጠቁመው ኖሮ ያልፍ ነበር» ብሎ ተስማማ። እማማ ውቢት ስድስተኛ ክፍል ድረስ ስለ ዝናብና ስለ ደመና ተምረዋል፤ መልሰው ፈተናም አልፈውበታል። የገሠሠን ጣት ግን ከልባቸው ሊያወጡት አልቻሉም። ክፉ ነገር እንደ ተኛ ውሻ ነው፤ ካልጠሩት አይመጣም። ይህቺ ልጅ ደግሞ ቁጭ ብላ በስሙ ትጠራዋለች!

እሌኒ ሌላ ጭንቀት ነበረባት። የፍለጋው ዘመቻ አራት ሳምንት ብቻ ነው። እስከ መጨረሻው ዓርብ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ፣ አንዲትም እውነተኛ ተንቀሳቃሽ ነጥብ ያላገኘ ቡድን ቦታውን ለሌላ ተራ ጠባቂ ይለቃል፤ የሚቀጥለው ወቅት ፎቶ አይላክለትም። ሦስት ሳምንት አልፎ የእሌኒ ክበብ እጁ ባዶ ነበር። በዘመቻው አብሯቸው የገባው የዳባት ትምህርት ቤት ቡድን ግን ሁለት አግኝቷል። የዳባቱ አስተማሪ ታደለ ደግሞ ጎንደር አብሯት የተማረ፣ ማሾፍ የሚወድ ልጅ ነው።

«እንዴት ነው ደባርቅ?» አለ አንድ ቀን በስልክ። «ጉም ነው መሰለኝ፣ ፎቶውም ላይ አይታያችሁም?»

«ገና አንድ ሳምንት አለን፣ ታደለ።»

«እሺ። ካቃታችሁ ግን አንዷን እናውሳችሁ።»

«ሂድ ወዲያ!» ብላ ዘጋችበት። ዓይኖቿ ግን እንደ በርበሬ ቀልተው ነበር።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እማማ ውቢት መነጽራቸውን ሰክተው፣ ሰፌድ ላይ ምስር ዘርግተው ጠጠር ይለቅማሉ። ለቀማ ማለት ለእሳቸው ጨዋታ ነው። የሠፈሩ ሴቶች ለዝክር እህል ሲያሰናዱ «እማማ ውቢት ይዩት» ሳይባል ወደ ወፍጮ አይሄድም። እሌኒ ላፕቶፗን ገፋ አድርጋ ዓይኗን በሁለት እጇ ያዘች።

«እምዬ፣ እስቲ ዓይንሽን አውሽኝ። እኔስ አሁን ነጥቡም አንድ ላይ ሆነብኝ።»

«እኔ? ተይኝ እባክሽ!»

«ይኼን ብቻ መጫን ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ እንደገና አንድ። የምትራመድ ካየሽ ጥሪኝ። ፊቴን ልታጠብ።»

ልጅ ደክሟት ለምናቸው እምቢ ማለት አያውቁም። ሰፌዱን አስቀመጡና ተጠጉ። ለዓይን እንዲቀል የሰማዩ ቀለም ተገልብጧል፤ መሬቱ ነጭ፣ ከዋክብቱ ጥቁር ነው። በነጭ ጨርቅ ላይ ጥቁር አዝሙድ የተበተነ ይመስላል። ጫን፣ ጫን። አንዱ ፎቶ ላይ ብቻ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ጉድፍ አለ። «ይኼ ገለባ ነው» አሉ ለራሳቸው። ሌላው ወዲህና ወዲያ ይዘላል። «ይኼም ገለባ።» ወደ ሌላው የአራት ፎቶ እሽግ አለፉ። ከዚያም ወደ ሌላው። እየጣማቸው መጣ እንጂ!

ሰባተኛው ላይ ይሁን ስምንተኛው ላይ፣ ከግርጌው ወደ ቀኝ፣ አንዲት ደቃቃ ፍሬ ተራመደች።

እንደገና ጫኑ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አትዘልም፤ አትጠፋም። ወደ ገበያ እንደምትሄድ ሴት፣ ግራ ቀኝ ሳትል፣ በልክ በልኳ ትራመዳለች። የገሠሠ ጣት ታየቻቸው። ገብሱ ታያቸው። ከዚያ ደግሞ ደባርቅ፣ ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ እሌኒ።

«አገኘሽ ወይ?» አለች እሌኒ ፊቷን በፎጣ እያደረቀች።

«ኧረ ምንም የለበትም» አሉ እማማ ውቢት። «ንጹሕ ነው።»

እሌኒም የአያቷን ዓይን ታምናለችና እነዚያን እሽጎች «ታይተዋል» ብላ አለፈቻቸው።

ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም አሉ። እሑድ አለፈ፤ ሰኞ አለፈ። ሰማዩም ከቦታው አልወረደም። እማማ ውቢት ደባርቅን ያዳኑ መስሏቸው ትንሽ ቀና ብለው መሄድ ጀምረው ነበር።

ሐሙስ ማታ ግን ሠርካለም ወደ ቤት መጣች። ሠርካለም ከዛሪማ መጥታ፣ ደባርቅ ቤት ተከራይታ የምትማር የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ናት፤ ከክበቡ ሁሉ ትጉዋ እሷ ነበረች። ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«ነገ መጨረሻው ነው፣ ቲቸር» አለች። «ሁሉንም እሽግ ሁለት ሁለት ጊዜ አየሁ። የለም።»

«ካለቀ ምን ይደረጋል። ሞክረናል» አለች እሌኒ።

«በኔ ነው። እርስዎ ያካፈሉኝ ይበዛ ነበር። ዓይኔ ሰነፍ ነው። ከክበቡ ልውጣና የተሻለ ሰው ይግባበት።»

«ማነው ዓይንሽን ሰነፍ ያለው?» አሉ እማማ ውቢት፣ ከጓዳ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

«ማንም አላለኝም እማማ። እኔው አወቅሁት።»

ልጅቷ ስትወጣ እሌኒ መብራቱን እንኳ ሳታበራ ብዙ ቆየች። እማማ ውቢት ራት አቀረቡላት፤ ነካ አድርጋ ተወችው። ይህ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ሆነባቸው፤ ከሰማዩም ይበልጥ ቅርብ የሆነ። ድንጋይ ይወድቃል ብለው ሲጠብቁ፣ የወደቀችው የሰው ልጅ ሆነች፤ የጣሏት ደግሞ እሳቸው። ሌሊቱን ሲገላበጡ አደሩ። እንቅልፍ ሲወስዳቸውም በሕልማቸው አዝሙድ ይለቅማሉ።

በማግስቱ ጠዋት ለእሌኒ ሊነግሯት አፋቸውን ከፈቱ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው ትዝ ሲላቸው መልሰው ዘጉት። አንድ ሰው ብቻ ቀራቸው፤ የንስሐ አባታቸው መምሬ ሀብተ ሚካኤል። ጾም ነውና ቅዳሴ የሚወጣው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እማማ ውቢት ከጽዱ ሥር ቆመው ጠበቁ። ሕዝቡ ተሳልሞ ሲበተን፣ መምሬ መቋሚያቸውን ይዘው ብቅ ሲሉ፣ ሮጠው መስቀል ተሳለሙ።

«ይፍቱኝ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምነው ወለተ ጊዮርጊስ?» አሉ መምሬ፤ በክርስትና ስማቸው ነው የሚጠሯቸው። «ፊትሽ ጥሩ አይደለም።»

«ኃጢአት አለብኝ። ድንጋይ ሸሽጌያለሁ።»

መምሬ ከጠዋት ጀምሮ ቆመዋል፤ ጾማቸውንም አልፈቱም። እጅግ አዘኑ። «የማንን? የድንበር ድንጋይ ነቅለሽ ነው?»

«ኧረ አይደለም አባቴ! ምን በወጣኝ!»

«ታዲያ የምን ድንጋይ ነው?»

«የሰማይ።»

መምሬ ሀብተ ሚካኤል በሠላሳ ዓመት ክህነታቸው ብዙ ሰምተዋል። መቋሚያቸውን ተደግፈው «እስቲ ቁጭ እንበል» አሉ። እማማ ውቢት ቴሌስኮፑን፣ አራቱን ፎቶ፣ የተራመደችውን ነጥብ፣ ገሠሠንና ገብሱን፣ ሁሉንም አንድ ሳያስቀሩ ዘረገፉት። መምሬ ጢማቸውን ይዘው አዳመጡ። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሳቅ ቢመጣም በክህነት ያዙት።

«ድንጋዩን ማን ፈጠረው?»

«እግዚአብሔር።»

«መንገዱንስ ማን ሰጠው?»

«እሱው ነው እንጂ።»

«እንግዲያስ አንቺ ስላየሽው መንገዱን ስቶ ወደ ደባርቅ ይታጠፋል? ስለሸሸግሽውስ ይቆማል?»

እማማ ውቢት መሬቱን አዩ። «ገሠሠ ግን አባቴ…»

«ገሠሠ በረዶ አልጠራም። ገሠሠ ሰማይ ማንበብ የሚችል ሰው ነበር፤ እሱን ሰምቶ ቀድሞ የሚያጭድ ሰው ጠፋ እንጂ።»

ይህን በስድሳ ዓመት ውስጥ ማንም እንዲህ አገላብጦ ነግሯቸው አያውቅም ነበር።

«የድንጋዩን ነገር እኔ ኃጢአት አልለውም» ቀጠሉ መምሬ። «ውሸቱ ግን ውሸት ነው። ደግሞ አንዲት ልጅ እግዜር የሰጣትን ዓይን እንድትጠራጠር አድርገሻል። አርባ ስግደት… ጉልበትሽ እንዴት ነው?»

«ያው ነው፤ ያመኛል።»

«ሃያ ይሁን። ከስግደቱ በፊት ግን ሄደሽ ንገሪ። ቀጠሮው እስከ ስንት ነው አልሽ?»

«እስከ አሥራ አንድ።»

መምሬ ከቀሚሳቸው ኪስ ስልክ አወጡ። «ዘጠኝ ከአርባ! ሴትዮ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ተነሺ!»

«ብቻዬን?»

«ብቻሽንማ ብልክሽ ግማሽ መንገድ ደርሰሽ ትፈሪና ትመለሻለሽ። እኔም እመጣለሁ።» ይህን ያሉት ለእማማ ውቢት ብቻ አልነበረም፤ ድንጋዩን ሊያዩት ጓጉተዋል።

ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ዘመነ ባጃጁን አቁሞ ደንበኛ ይጠብቃል። እማማ ውቢት ስንት ዓመት ሲሳፈሩት «ቀስ በል፣ ወገኔ! ቀስ!» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ተናግረውት አያውቁም።

«ወደ ትምህርት ቤቱ» አሉት። «ፍጠን።»

ዘመነ ዞሮ አያቸው። «ምን አሉኝ እማማ? ጆሮዬ ነው ወይስ…»

«ንዳው ስልህ!»

«አባ፣ ጤነኛ ናቸው?»

«ንዳው ልጄ» አሉ መምሬ። «ንስሐ ላይ ናት።»

እሌኒ በኮምፒዩተሩ ክፍል «ምንም አልተገኘም» የሚለውን መልእክት ጽፋ፣ ለመላክ ስትዘጋጅ በሩ ተበረገደ። አምስቱ ተማሪዎች ካህን ሲገቡ አይተው ብድግ አሉ። እማማ ውቢት ነጠላቸው ተንሸራቶ፣ ትንፋሻቸው ተቆራርጦ፣ መሀል ክፍሉ ላይ ቆሙ።

«እንዳትልኪው! አለች። አይቻታለሁ። ቅዳሜ። ዋሸሁሽ።»

«ማን ናት ያለችው?» አለች እሌኒ።

«የምትራመደዋ።»

እሌኒ አያቷን ቀና ብላ አየች፤ ከዚያም መምሬን አየች። መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው።

«እምዬ! ለምን?»

«ብታገኚያት ትወድቅብናለች ብዬ ነዋ!»

አንዱ ተማሪ ሳቁ አፈተለከበት። ከዚያ ሁሉም፣ እሌኒም ጭምር፣ ሳቁ። እማማ ውቢት ብቻ አልሳቁም። «ሳቁን ለነገ አቆዩት፣ አሥር ሰዓት ሆኗል!» ብለው ተቆጡ።

«የትኛው እሽግ ላይ ነበረች? ቁጥሩን አስታወስሽው?»

ቁጥሩን አላዩም። እሽጉ ሃያ አራት ነው፤ አንዱ ተከፍቶ እስኪመጣ ኢንተርኔቱ ያንቀላፋል። እማማ ውቢት ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አጠገቧ ጉልቻ አለ። ሦስት ከዋክብት፣ ልክ እንደ ጉልቻ የተቀመጡ። ከጉልቻው ፈንጠር ብሎ ደግሞ ጥላሸት የነካ ጣት የዳሰሰው የመሰለ ነገር አለ።»

«ያ ሌላ የከዋክብት ጭፍራ፣ ጋላክሲ ነው» አለች እሌኒ። «ጥሩ ምልክት ነው። በሉ ተካፈሉ! ጉልቻ ፈልጉ!»

ሦስቱም ኮምፒዩተሮች ተያዙ።

«ጉልቻ!» አለ አንዱ።

«ያ ጉልቻ አይደለም፣ ይንጋደዳል» አሉ እማማ ውቢት። «በዚያ ላይ ድስት ብትጥድ ይደፋብሃል።»

«ይኼስ?»

«ይኼ አራት ነው። ጉልቻ አራት ሆኖ ታውቃለህ?»

መምሬ በበኩላቸው ከዋክብቱን እያዩ «ስንት ናቸው እናንተ፣ ስንት ናቸው» ይላሉ። አሥር ተኩል አለፈ። አሥራ ሰባተኛው እሽግ ሠርካለም ፊት ተከፈተ። እማማ ውቢት በትከሻዋ ላይ ጎንበስ አሉና አዩ። ጉልቻው አለ፤ የጥላሸቱ ጣት አለ። ከግርጌው ወደ ቀኝ፣ ነጥቧ ልክ እንደ ቅዳሜው መንገዷን ይዛለች።

ጣታቸውን ሊያነሱ ነበር። የልጅቷን አንገት አዩት፤ በትከሻዎቿ መሀል ሰምጧል፤ የማየት ተስፋዋን ቆርጣ ለጨዋነት ያህል ነው የምትጫነው። ጣታቸውን ወደ ነጠላቸው መለሱት።

«ይኼ ነው ፎቶው» አሉ። «ነጥቧን ግን አላሳይሽም።»

«እምዬ!» አለች እሌኒ። «ሃያ አምስት ደቂቃ ነው የቀረን!»

«ይበቃታል። ሠርካለም ትፈልጋት።»

«እማማ፣ እኔ እኮ ይኼን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። አላየኋትም።»

«ያኔ ፎቶውን ነበር የምታይው። ምስር ስትለቅሚ ሰፌዱን ሁሉ ታያለሽ? አታይም። ከዳር ትጀምሪና እፍኝ እፍኝ እያልሽ ትሄጃለሽ። በይ፣ ከግርጌ ጀምሪ። ቀስ ብለሽ።»

እማማ ውቢት «ቀስ» ማለት ልማዳቸው ነው። አሁን ግን ከሁሉ ይልቅ የቸኮሉት እሳቸው ነበሩ፤ ከኋላ ቆመው የነጠላቸውን ጫፍ ይጠመዝዛሉ። እሌኒ ሰዓቷን ታያለች። መምሬ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ሠርካለም ከግርጌው ግራ ጀመረች። ጫን፣ ጫን፣ ጫን፣ ጫን። ትንሽ ወደ ቀኝ። ጫን፣ ጫን። ትንሽ ወደ ቀኝ።

ድንገት አንገቷ ከትከሻዋ ወጣ።

«ቲቸር» አለች በሹክሹክታ። «ተራመደች።»

«የት?»

«ይችው! ይችው! ይችው!» አሁን መጮህ ሆነ። ተማሪው ሁሉ ተንጋጋ። እማማ ውቢት እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና «ጭስ ነው» አሉ፣ ጭስ በሌለበት ክፍል።

ሠርካለም አራቱንም ቦታ ለካች። እሌኒ አቅጣጫውንና ርቀቱን አስተያየች፤ ቀጥ ያለ ነው፣ እኩል ነው። ከሚታወቁት ድንጋዮች ዝርዝር ጋር ስታመሳክር የለችም። ሪፖርቱን ሞልተው ሲጨርሱ አሥራ አንድ ሊሆን አራት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ላክ የሚለውን ተጫኑ። ክቧ ምልክት ትዞራለች፣ ትዞራለች።

«ይችም ትዞራለች?» አሉ መምሬ።

«ይችስ ኢንተርኔት ናት አባ።»

ክቧ ቆመች። «ተልኳል» አለ። ጩኸቱ እስከ ጥበቃው ቤት ተሰማ። መምሬ ሀብተ ሚካኤል መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ነጥቧን በቅርብ አዩና ወደ እማማ ውቢት ዞሩ። «ይችን ነው የፈራሽው? ከቁንጫ ታንሳለች እኮ።»

«ቁንጫም ትነክሳለች አባቴ» አሉ እማማ ውቢት።

መልሱ የመጣው ሆሳዕና ካለፈች በኋላ ነው። እሌኒ ከትምህርት ቤት እየሮጠች ገባች። ግኝቱ ለጊዜው ተቀባይነት አግኝቷል፤ የክበቡም ቦታ ለሚቀጥለው ወቅት ጸንቷል። ድንጋዩ ከማርስ ወዲያ፣ ከጁፒተር ወዲህ የሚኖር ነው፤ በዚህ በኩል ዝር አይልም። ከሪፖርቱ ላይ የሠርካለም ስም ከፊት ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ፣ ሠርካለም ካልተጨመረ እምቢ ብላ ያስገባችው፣ «ውቢት» የሚል አለ።

«ስሜን ለምን ትነካካላችሁ!» አሉ እማማ ውቢት። ወረቀቱን ግን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «እና አሁን አለቀ?»

«አላለቀም። ቴሌስኮፑ ያንን የሰማይ ቁራጭ ደግሞ ሲያነሳው መታየት አለባት። በደንብ እስክትመዘገብ ዓመታት ይፈጃል።»

«ካልታየችስ?»

«ትጠፋለች። እንደገና የሚያገኛት እስኪመጣ።»

«ትጠፋለች? እንዲህ በጭንቅ ከተገኘች በኋላ?» ፊታቸው ተለወጠ። «በዚያ ሁሉ ምድረ በዳ ብቻዋን? የሚጠብቃት የለም?»

እሌኒ ልታስረዳቸው ስትል ስልኳ ጮኸ። ታደለ ነው፣ ከዳባት። ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፈተችው።

«ሰማሁ፣ ሰማሁ!» አለ ታደለ። «የኛ አንዷ ቀድማ የምትታወቅ ሆና ወደቀች። አሁን አንድ ለአንድ ነን። እባክሽ እማማ ውቢትን ለሚቀጥለው ወቅት አውሱን፤ በባጃጅ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ።»

«በባጃጅ? በዚያ ጠመዝማዛ?» አሉ እማማ ውቢት ስልኩን ነጥቀው። «አልመጣም። ስማኝ ግን ልጄ። የናንተና የኛ ፎቶ ይለያያል አይደል?»

«ይለያያል እማማ።»

«እንግዲያው የኛዋ ድንጋይ በናንተ በኩል ያለፈች እንደሆነ፣ አደራ። ትንሽ ናት፤ ፈዘዝ ትላለች። ቸኩላችሁ ካያችሁ ታመልጣችኋለች። ከግርጌ ጀምሩ፤ እፍኝ እፍኝ።»

«እሺ እማማ፤ አደራዎን ተቀብያለሁ።»

«ዘላ ከታየችህ እሷ አይደለችም። የኛዋ አትዘልም፤ ጨዋ ናት።»

«እሺ።»

«ስታያት ወዲያው ደውል። ሌሊትም ቢሆን ደውል፤ እኔ እንደሆንኩ እንቅልፍ የለኝም።»

«እሺ እማማ፣ እደውላለሁ። ደህና ይዋሉ።»

«ቆይ አትዝጋ! ኮፍያ ታደርጋለህ? የዳባት ነፋስ እኮ ጆሮ ይቆርጣል።»